ካንሰር ካልሆነ ለምን ጭንቅላቴ ይከፈታል? እጢ የሚያስነሳው የፊት ነርቭ ሕመም

የደረሰኝ ጥያቄ በአጭሩ ይህ ነው፦

"41 ዓመቴ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ቀኝ ጉንጬንና የታችኛውን መንጋጋዬን እንደ ኤሌክትሪክ የሚነዝር ሕመም ያሠቃየኛል። ፊቴን ስታጠብ፣ ጥርሴን ስቦርሽ፣ አንዳንዴም ንፋስ ሲነካኝ ብቻ ይነሳል። መጀመሪያ የጥርስ ነው ተብሎ ሁለት የመንጋጋ ጥርሶቼ ተነቀሉ፤ ምንም ለውጥ የለም። ከዚያ ካርባማዜፒን ታዘዘልኝና በጣም ተሻለኝ። ስለዚህ ሌላ ነገር አይኖርም ብዬ ነበር። አሁን ግን መጠኑ እየጨመረ ሄዶ ቀኑን ሙሉ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለኛል። በቅርቡ ኤምአርአይ ተነሣሁ። ከቀኝ ጆሮዬ ወደ ውስጥ ነርቩን የተጫነ 2.5 ሴንቲ ሜትር ሜኒንጅዮማ (ከአንጎል ስስ ሽፋን የሚነሣ እጢ) አለ፣ ካንሰር አይመስልም ተባልኩ። አንዱ ሐኪም ኦፕራሲዮን አለኝ፣ ሌላው ጋማ ናይፍ የሚባል የጨረር ሕክምና። ቤተሰቦቼ ደግሞ 'ካንሰር ካልሆነ ለምን ጭንቅላትሽ ይከፈታል? ነርቩን ቆርጠው ይገላግሉሽ' ይላሉ። እኔ የምፈራው ፊቴ እንዳይጣመም ነው። ምን ይሻለኛል?"

ከፍርሃቱ ልጀምር። ኦፕራሲዮን የተባለ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስለ ፊቱ ነው። የሚያምዎት ነርቭና ፊትን የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ ግን ሁለት የተለያዩ ነርቮች ናቸው። ሁለቱንም "የፊት ነርቭ" እያልን ስለምንጠራቸው ነው ነገሩ የሚምታታው። ከአንጎል በቀጥታ 12 ጥንድ ነርቮች ይወጣሉ። የእርስዎ ሕመም አምስተኛው ላይ ነው፤ ትራይጀሚናል ይባላል። ሥራው የፊትን ስሜት ወደ አንጎል ማድረስ ነው። በሦስት ይከፈላል፤ አንዱ ወደ ግንባርና ዓይን፣ አንዱ ወደ ጉንጭና ላይኛው ድድ፣ አንዱ ወደ ታችኛው መንጋጋ ይሄዳል። በዋናነት የሚያንቀሳቅሰው የማኘኪያ ጡንቻዎችን ብቻ ነው። ፈገግ የሚያሰኘን፣ ዓይናችንን የሚያስጨፍነን ሰባተኛው ነው። ፊት የሚጣመመው እሱ ሲጎዳ ነው።

አደጋው የለም እያልኩ አይደለም። ሁለቱ ነርቮች ጎረቤታሞች ናቸው፤ እጢውን ለማውጣት ስንገባ ሰባተኛውም እዚያው አጠገብ ነው። ሲነካካ ፊት በአንድ በኩል ሊደክም ይችላል። ብዙውን ጊዜ በሳምንታት ወይም በወራት ይመለሳል፤ አልፎ አልፎ ግን የሚቀር አለ። ስለዚህ ሰርጅንዎን ሲያገኙ "ፊቴ ይጣመማል ወይ?" ብቻ ብለው አይጠይቁ። "ሰባተኛውን ነርቭ በኦፕራሲዮኑ ሰዓት በመሣሪያ ትከታተላላችሁ ወይ?" ይበሉ። ነርቩ ሲነካ ወዲያው ድምፅ የሚያሰማ መሣሪያ አለ።

ሁለተኛው ስህተት ስለ ካርባማዜፒን ነው። መድኃኒቱ ስለሠራ እጢ የለም ማለት አይቻልም። ካርባማዜፒን የሚሠራው የነርቩን ከልክ ያለፈ ተኩስ በማብረድ ነው። ነርቩን ያበሳጨው የደም ሥር ይሁን እጢ ለእሱ ለውጥ የለውም። እጢ ያለበትም ሰው በመጀመሪያዎቹ ወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት፣ "ተአምር ነው" እስኪል ይሻለዋል። የነርቭ ምርመራውም ምንም ላያሳይ ይችላል። እንዲህ ዓይነት ሕመም ያለበት ሰው ሁሉ ቢያንስ አንዴ ኤምአርአይ ይነሣ የምንለው ለዚህ ነው። ሲቲ ስካን አይበቃም፤ ትንንሽ እጢዎች ያመልጡታል።

ስለ ተነቀሉት ጥርሶች ብዙ አልልም፤ አልፏል። ይህ ስህተት በዓለም ዙሪያ በየጊዜው ይሠራል። የጥርስና የድድ ስሜት የሚጓዘው በዚሁ ነርቭ ስለሆነ አንጎል ሕመሙ ከየት እንደተነሣ መለየት ያቅተዋል። ልዩነቱ ያለው በአመጣጡ ላይ ነው። የጥርስ ሕመም ይጠዘጥዛል፣ ይቆያል፣ ሌሊት ይቀሰቅሳል። ይሄኛው በሰከንዶች መጥቶ ይሄዳል፤ ቢበዛ ሁለት ደቂቃ። ጣት ሲያርፍበት ይነሳል፤ እንቅልፍ ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ ይተዋል። ከእንግዲህ በዚያ በኩል ሌላ ጥርስ እንዳያስነቅሉ።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ። ካንሰር ያልሆነ ነገር እንዴት ይህን ያህል ያሠቃያል?

"ካንሰር አይደለም" የሚለው ቃል የሚነግረን ስለ ሴሎቹ ጠባይ ነው። አይሰራጩም፣ ሌላ አካል ውስጥ አይበቅሉም፣ ቀስ ብለው ነው የሚያድጉት። የት እንደተቀመጡ ግን አይነግረንም። የእርስዎ እጢ ያለው በአንጎል ግንድና በጆሮ አጥንት መካከል ባለች ጠባብ ጥግ ውስጥ ነው። እዚያች ጥግ ውስጥ አምስተኛው፣ ሰባተኛውና የመስሚያው ስምንተኛ ነርቭ፣ ትንሹ አንጎልና ዋና ዋና የደም ሥሮች ተጨናንቀዋል። ሜዳ ላይ ቢሆን ምንም የማያደርግ ነገር እዚያ ውስጥ 2.5 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ብዙ ነው።

ነርቭ እንደ ኤሌክትሪክ ሽቦ መሸፈኛ አለው፤ ማየሊን ይባላል። ነርቩ ለረጅም ጊዜ ሲጫን መሸፈኛው ይላጣል። የተላጡ ክሮች ጎን ለጎን ሲሆኑ የአንዱ ምልክት ወደ ሌላው ይዘላል። የንክኪ ክር የያዘው መልእክት ወደ ሕመም ክር ይሻገራል። ንፋስ የሚያምዎት ለዚህ ነው፤ አንጎልዎ የሚደርሰው መልእክት ንፋስ መሆኑ ቀርቷል።

በአብዛኛው ታማሚ ላይ ነርቩን የሚጫነው የደም ሥር ነው። እስከ 15 በመቶ በሚሆኑት ላይ ግን ሌላ በሽታ ይገኛል፤ ወይ እጢ፣ ወይ መልቲፕል ስክሌሮሲስ የሚባለው፣ ይህንኑ የነርቭ መሸፈኛ የሚያጠቃ በሽታ። አሜሪካዊው ሰርጅን ዋልተር ዳንዲ እ.ኤ.አ. በ1934 ባሳተመው ጽሑፍ በኦፕራሲዮን ላይ ነርቩን የተጫኑ የደም ሥሮችንና እጢዎችን በዓይኑ ማየቱን ገልጿል። በዘመኑ ብዙ ሰሚ አላገኘም። ነገሩ የጸናው ሌላው አሜሪካዊ ሰርጅን ፒተር ጃኔታ እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በማይክሮስኮፕ እየታገዘ የደም ሥሩን ከነርቩ ላይ ማንሣት ሲጀምር ነው። ይህን ታሪክ ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። እጢ ነርቩን በሦስት መንገድ ያሳምመዋል፦ በቀጥታ ይጫነዋል፣ ዙሪያውን ይጠመጠምበታል፣ ወይም ገፍቶ ከማዶ ካለ የደም ሥር ጋር ያጣብቀዋል። በሦስተኛው ዓይነት እጢው ወጥቶ የደም ሥሩ ከተረሳ ታማሚው ከነሕመሙ ይነቃል። እጢው ከወጣ በኋላ ነርቩን ከሥሩ እስከ ጫፉ የማያይ ሰርጅን ሥራውን ግማሽ ላይ ነው የተወው።

የቤተሰብዎ ሐሳብ፣ "ቆርጠው ይገላግሉሽ" የሚለው፣ ከደግነት የመጣ ነው፤ ግን የተሳሳተ ነው። በጉንጭ በኩል በመርፌ ገብቶ ነርቩን በሙቀት፣ በግሊሰሮል ወይም በትንሽ ፊኛ ሆን ብሎ የሚጎዳ ሕክምና አለ። አጭር ነው፣ ጭንቅላት አይከፈትም፣ ሕመሙን ወዲያው ሊያስታግስ ይችላል። ነገር ግን እጢው እዚያው ነው፤ ማደጉንም አያቆምም። ማስታገሱም ብዙ ጊዜ በጥቂት ዓመታት ያልቃል፤ ሲደጋገም ፊት ይደነዝዛል። የዓይን ስሜት ከጠፋ ደግሞ አቧራ ገብቶ ሲያቆስል ሰው አይሰማውም፤ ዓይን ሊጠፋ ይችላል። ከሁሉ የከፋው የደነዘዘው ቦታ ራሱ ሌት ተቀን ማቃጠል ሲጀምር ነው። ብርቅ ነው፤ ግን ከመጣ መድኃኒት እምብዛም አይበግረውም። ይህን መንገድ የማስቀምጠው ማደንዘዣ ለማይችሉ አዛውንቶችና ሌላ ምርጫ ለሌላቸው ነው። እርስዎ እዚያ አልደረሱም።

ጋማ ናይፍን በተመለከተ ስሙ ራሱ ሰውን ያሳስታል። ቢላዋ የለውም። ወደ 200 የሚጠጉ ቀጫጭን ጨረሮች ከየአቅጣጫው መጥተው አንድ ነጥብ ላይ ይገናኛሉ፤ መንገዳቸው ላይ ያለውን እምብዛም ሳይነኩ ያቺን ነጥብ ይመታሉ። ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1951 ያቀረበው ስዊድናዊው ሰርጅን ላርስ ሌክሰል ነው። መጀመሪያ ከሞከረባቸው ሕመሞች አንዱ ይኸው የእርስዎ ዓይነት መሆኑ ይገርመኛል። ጋማ ናይፍ ከ3 ሴንቲ ሜትር በታች ለሆነ ሜኒንጅዮማ በጣም ጥሩ መሣሪያ ነው፤ ከአሥር ሰው በዘጠኙ ላይ እድገቱን ለዓመታት ያቆማል። ያቆማል እንጂ አያወጣም። ልዩነቱ ለእርስዎ ትልቅ ነው። ጭነቱ ከነርቩ ላይ በፍጥነት አይነሳም። ሕመሙ ቢቀንስ እንኳ ሳምንታት፣ ብዙ ጊዜም ወራት ይወስዳል፤ የማስታገስ ዕድሉም ከኦፕራሲዮን ያነሰ ነው፣ ሊመለስም ይችላል። አንዳንዴ እጢው ከጨረሩ በኋላ ለጊዜው ያብጥና ሕመሙን ያባብሰዋል። ናሙናም አይወሰድም። ሪፖርትዎ ላይ "አይመስልም" የሚለው ቃል እንደዚያው ይቀራል ማለት ነው፤ የሚያረጋግጠው በማይክሮስኮፕ የታየ ቁራጭ ብቻ ነው። በኋላ ኦፕራሲዮን ቢያስፈልግ ደግሞ ጨረር የነካው ቦታ ተጣብቆ ሊያስቸግር ይችላል።

ጋማ ናይፍ ያሉዎት ሐኪም ተሳስተዋል ማለቴ አይደለም። ዕድሜዎ 75 ቢሆን፣ ወይም እጢው ያለ ሕመም በአጋጣሚ የተገኘና እያደገ ያለ ቢሆን እኔም የምለው ይህንኑ ነበር። እጢው ኤፒደርሞይድ ቢሆን ደግሞ ጨረር ብዙም አይታሰብም። ኤፒደርሞይድ እንደ ዕንቁ ነጭ የሆነ፣ የቆዳ ቅርፊት የተጠራቀመበት ከረጢት ነው፤ ይህን ሕመም በወጣቶች ላይ ከሚያስነሡት አንዱ ነው። መፍትሔው ኦፕራሲዮን ብቻ ነው ለማለት ይቀርባል። የእርስዎ ሪፖርት ሜኒንጅዮማ ስለሚል እዚህ ላይ አልቆይም።

እንግዲህ ኦፕራሲዮኑ። ከጆሮ ጀርባ ጥቂት ፀጉር ተላጭቶ ቆዳው ይከፈታል። አጥንቱ ላይ የሚከፈተው መስኮት 3 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። "ጭንቅላት መክፈት" ሲባል ሰው ከግንባር እስከ ማጅራት ያስባል፤ እንደዚያ አይደለም። መጀመሪያ በአንጎል ዙሪያ ያለው ውኃ ጥቂት እንዲፈስ ይደረጋል። ትንሹ አንጎል በራሱ ክብደት ዝቅ ይልና መንገድ ይለቃል። ከዚያ በማይክሮስኮፕ እጢውን ከውስጡ መቦርቦር ነው። ባዶ ሲሆን ግድግዳው ይሟሽሻል፤ ያኔ ከነርቮቹና ከአንጎል ግንድ ላይ ቀስ ብሎ ይላጣል። ጎትቶ ማውጣት የለም። አድካሚ ሥራ ነው፤ ብዙ ሰዓት ይፈጃል፣ እንደ እጢው ጥንካሬም ይለያያል። በመጨረሻ ነርቩ ይታያል። ብዙ ጊዜ ቀጥኖና ጠፍጥፎ እንደ ሪባን ሆኖ ነው የምናገኘው። የደም ሥር ካለበት በመካከላቸው ትንሽ የቴፍሎን ጥጥ ይደረጋል።

እዚህ ላይ ታማሚም ቤተሰብም የሚያጠምዱኝ አንድ ጥያቄ አለ፦ "ሙሉ በሙሉ ወጣ?" የጥሩ ኦፕራሲዮን መለኪያ አድርገው ስለሚያዩት አልፈርድባቸውም። ነገር ግን የእጢው ቅጠል የምታህል ስስ ክፍል ከአንጎል ግንድ ወይም ከዋና የደም ሥር ጋር ተጣብቃ ከሆነ መተው ነው የሚሻለው። እሷን ለመንቀል የሚከፈለው ዋጋ የአካል መድከም፣ የመዋጥ ችግር ወይም ስትሮክ ሊሆን ይችላል። የቀረችው ደግሞ ቀስ ብላ የምታድግ፣ ምናልባትም ፈጽሞ የማታድግ ናት። ካደገች ያኔ ጋማ ናይፍ አለ። ሰርጅንዎ የሚገባው ነርቩን ነፃ ለማውጣት ነው። እጢውን ማጥፋት ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው። "አንዲት ቅንጣት ሳላስቀር አወጣዋለሁ" ብሎ ከኦፕራሲዮኑ በፊት ቃል የሚገባ ካጋጠመዎት ሌላ ሐኪም ያማክሩ።

ውጤቱ ጥሩ ነው። ነርቩ በደንብ ነፃ ከወጣ አብዛኞቹ ታማሚዎች ከማደንዘዣው ሲነቁ ያ ንዝረት የለም። ጥቂቶቹ ላይ በቀናት ወይም በሳምንታት ይለቃል። ሕመሙ ለብዙ ዓመታት ቆይቶ ከንዝረት ወደ ማያቋርጥ ማቃጠል የተለወጠባቸው ላይ ውጤቱ ያንሳል፤ መዘግየቱን የማልወደው ለዚህም ነው። ካርባማዜፒኑ ግን ሕመሙ በጠፋ ማግስት አይጣልም። በሐኪም ትእዛዝ በሳምንታት ውስጥ እየቀነሰ ይቆማል።

አደጋዎቹንም ልንገርዎት። በጣም የተለመደው ጉንጭ ወይም ከንፈር መደንዘዝ ነው፤ ብዙ ሰው ይለምደዋል። የቀኝ ጆሮ መስማት ሊቀንስ ወይም ሊጠፋ ይችላል። ነገር ሁለት ሆኖ መታየት፣ ሚዛን ማጣት፣ ስለ ፊት ድክመት ያልኩትም አለ። የአንጎል ውኃ በቁስሉ ወይም በአፍንጫ ሊያፈስ ይችላል። ማጅራት ገትር፣ የደም መፍሰስና ስትሮክ ብርቅ ናቸው፤ ሕይወት የሚያልፍበት አጋጣሚም ዜሮ አይደለም። ይህን ሥራ አዘውትሮ በሚሠራ ቡድን እጅ እነዚህ ሁሉ ይቀንሳሉ። ስለዚህ "ጎበዝ ሰርጅን ነው" መባሉ ብቻ አይብቃዎት። ይህችን ጥግ ስንት ጊዜ ከፍቷል? እሱን ይጠይቁ፤ አይፈሩ፣ ነውር አይደለም።

የእኔ ምክር ኦፕራሲዮኑን ያድርጉ ነው። 41 ዓመትዎ ነው፤ ከፊትዎ ረጅም ዕድሜ አለ። እጢው የተጫነው የሚያምዎትን ነርቭ ነው፤ መድኃኒቱም ቀንዎን እየበላው ነው። ሐሳቤን የሚያስቀይሩ ነገሮች ግን አሉ። ከባድ የልብ ወይም የሳንባ በሽታ ካለብዎት፣ የሚሰማዎት ጆሮ ቀኙ ብቻ ከሆነ፣ ወይም እጢው ዋና የደም ሥርን ጠቅልሎ ከያዘ ወይም ከዓይን ጀርባ ወዳለው የደም ሥር ቋት ከገባ፣ ከፊል ኦፕራሲዮንና ጨረር ተጣምረው ወይም ጨረር ብቻውን ይሻል ይሆናል። እነዚህን የሚወስነው ፊልሙን በዓይኑ ያየ ሐኪም ነው እንጂ የእርስዎን ጽሑፍ ያነበብኩት እኔ አይደለሁም።

ነገሩ ድንገተኛ አይደለም፤ ለመጠየቅና ለመዘጋጀት ሳምንታት አሉዎት። መራመድ ከተንገዳገደ፣ ነገር ሁለት ሆኖ ከታየዎት፣ መዋጥ ካስቸገረዎት፣ ወይም ራስ ምታት ከትውከት ጋር ጠዋት ጠዋት ከመጣ ግን ቀጠሮ አይጠብቁ። ቆዳዎ ላይ ሽፍታ ከወጣ ወይም አፍዎ ውስጥ ቁስል ከታየ የካርባማዜፒን ጉዳት ሊሆን ይችላልና የዚያኑ ቀን ሐኪም ይይዎት። ከዚህ ሌላ በራስዎ ጊዜ በአንዴ አያቁሙት፤ ሕመሙ እጥፍ ሆኖ ሊመለስ፣ እንደ የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥም ሊመጣ ይችላል። የደም ሶዲየምዎ ይለካ፤ ይህ መድኃኒት ያወርደዋል፣ ድካሙና ድብታው ከዚያ የመጣም ሊሆን ይችላል። የወሊድ መከላከያ እንክብል የሚወስዱ ከሆነም ለሐኪምዎ ይንገሩ፤ ካርባማዜፒን ያዳክመዋል።

ከኦፕራሲዮኑ በፊት የመስማት ምርመራ ያስደርጉ፤ በኋላ ለውጥ ቢኖር የሚነጻጸርበት ይኖራል። ነርቩንና የደም ሥሮቹን በቀጭን ቁራጭ የሚያሳይ ኤምአርአይ ካልተነሡ ይጠይቁ፤ ሁሉም ኤምአርአይ አንድ አይደለም። አስፒሪን ወይም ሌላ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ካለ መቼ እንደሚቆም ይጠይቁ። ቤት ከገቡ በኋላ ሲያጎነብሱ ከአፍንጫዎ ንጹሕ ውኃ ጠብ ጠብ ካለ፣ ትኩሳትና የማጅራት መገተር ከመጣ፣ ወይም ቀኝ ዓይንዎ ሳያምዎት ከቀላ በዚያው ቀን ይመለሱ። የመቆጣጠሪያ ኤምአርአይ ብዙ ጊዜ ከሦስት ወር ገደማ በኋላ፣ ከዚያ በዓመት አንዴ ይነሣል፤ ሜኒንጅዮማ ከዓመታት በኋላም ሊመለስ ስለሚችል ተሻለኝ ብለው አይቅሩ።

አንድ ትንሽ ነገር ደግሞ። ለኦፕራሲዮን ጾመው ይግቡ ሲባል ብዙ ሰው ካርባማዜፒኑንም ይተወዋል። በዚያ ጠዋት በአንድ ጉንጭ ውኃ ይዋጥ እንደሆነ ማደንዘዣ ሰጪውን በዋዜማው ይጠይቁ፤ አብዛኛውን ጊዜ መልሱ አዎ ነው።